ጫት፣ አርሴኒክ እና የሹፌር ደም፦ የእንግሊዝን የዕፅና የመርዝ ሕግ እንዴት እንዳጠናሁት

እንግሊዝ አገር ጫት የታገደው እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2014 ነው። እስከ ዋዜማው ድረስ ከኬንያና ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን እየመጣ በሂዝሮው ኤርፖርት በሕጋዊ መንገድ ይገባ ነበር። ግብርም ይከፈልበት ነበር። በነጋታው መያዙም መሸጡም ወንጀል ሆነ።

ያኔ ለንደን ውስጥ ፎረንሲክ ቶክሲኮሎጂ እየተማርኩ ነበር። ሙያው ከሰው ደም፣ ሽንትና የአካል ክፍል ውስጥ መርዝና ዕፅ መፈለግ፣ የተገኘውንም ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ማስረዳት ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት መንገድ ላይ ያዙኝ።

"አንቺ ኬሚስት አይደለሽም እንዴ? ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ምን ሆነ?"

"ቅጠሉ ምንም አልሆነም ጋሼ። ስሙ ዝርዝር ውስጥ ገባ።"

"ዝርዝሩን ታዲያ ማን ነው የሚጽፈው?"

ይቺ ጥያቄ ሕጉን የማጠናበትን መንገድ ወሰነችልኝ። ኬሚስትሪውን ከአገሬ ይዤው ሄጃለሁ። ሕጉ ግን ክምር ነው፦ የ1971ዱ የዕፅ ሕግ፣ የ2001ዱ ደንብ፣ የ1972ቱ የመርዝ ሕግ፣ የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የ1861ዱ የወንጀል ሕግ። ይሄን ሁሉ ከአንቀጽ አንድ ጀምሮ መሸምደድ ለእኔ አይሆንም። ስለዚህ ደብተር ገዛሁና በንጥረ ነገር ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ። ገጹ ላይ በየትኛው ሕግ እንደሚታይ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተከለከለ፣ ሐኪም ያዝዘው እንደሆነ፣ ሌላ ምን ነገር ደም ወይም ሽንት ውስጥ እሱን መስሎ ሊገኝ እንደሚችል እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ የጫት ነበር። ሌላ የት ልጀምር?

ጫት ውስጥ ያሉት ዋናዎቹ ሁለት አነቃቂ ንጥረ ነገሮች ካቲኖንና ካቲን ይባላሉ። ካቲኖን ጠንካራው ነው፣ ግን አይቆይም። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ደካማው ወደ ካቲንና ወደ ዘመዱ ኖርኤፌድሪን ይለወጣል። የአወዳይ መኪና ለምን እንደዚያ እንደሚበር አሁን ገባችሁ? የተባበሩት መንግሥታት የ1971 ስምምነት ካቲኖንን በጣም ጥብቅ በሆነው አንደኛ ዝርዝር፣ ካቲንን በሦስተኛው አስቀምጧል። ተክሉን ግን የትኛውም ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። እንግሊዝም እስከ 2014 ድረስ እንዲሁ ነበረች። ሞለኪዩሉ የተከለከለ፣ ቅጠሉ የተፈቀደ። ቅጠሉን ከቃምክ ምንም የለም። ካቲኖኑን ከቅጠሉ ለይተህ ብታወጣው ግን ወንጀለኛ ነህ።

የጋሼ ጥያቄ መልስም እዚሁ ገጽ ላይ ነው። መንግሥትን በዕፅ ጉዳይ የሚያማክር የባለሙያዎች ምክር ቤት አለ። በጃንዋሪ 2013 ጫት ባይታገድ ይሻላል ብሎ አቀረበ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬሳ ሜይ ምክሩን ትተው አገዱት። ማን ልክ ነበር የሚለውን እዚህ አልከራከርም። ለሥራዬ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው፦ ዝርዝሩን ባለሙያ ይመክርበታል፣ ፖለቲከኛ ይወስነዋል። ስለዚህ ከዝርዝሩ ተነስቼ የአንድን ንጥረ ነገር አደገኛነት አልለካም። ሪፖርት ላይም እንደዚያ አልጽፍም።

ተማሪዎች በብዛት የሚደናገሩት ክላስና ስኬጁል ላይ ነው። የ1971ዱ ሕግ ዕፆችን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ በክላስ ይከፍላል። ይሄ ቅጣቱን የሚወስን ነው። የ2001ዱ ደንብ ደግሞ ያንኑ ዕፅ ከ1 እስከ 5 በስኬጁል ይከፍላል። ይሄኛው የሚወስነው ማን ሊይዘው፣ ሊያዝዘውና ሊያስቀምጠው እንደሚችል ነው። ሁለቱ ተያይዘው አይሄዱም። ሄሮይን ክላስ ኤ ነው፣ ግን ስኬጁል 2 ነው። ምክንያቱም እንግሊዝ ውስጥ ሐኪም ዳያሞርፊን በሚል ስም ለከባድ ሕመም ያዝዘዋል። ኤልኤስዲም ክላስ ኤ ነው፣ እሱ ግን ስኬጁል 1 ነው። ለሕክምና አይታዘዝም፣ ለምርምር እንኳን ልዩ ፈቃድ ይፈልጋል። ላብራቶሪም ከዚህ አያመልጥም። የተከለከለ ዕፅ ደም ውስጥ መኖሩን ለማረጋገጥ ንጹሑን ዕፅ ለማወዳደሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ነው። ያለ ፈቃድ ካስቀመጥከው አንተ ራስህ ይዘህ ተገኘህ ማለት ነው። የስኬጁል ጉዳይ በደንብ የገባኝ መዝገብ ላይ ሚሊግራም እየቆጠርኩ ስፈርም ነው።

ቀን መጻፍ የጀመርኩት በሜፌድሮን ምክንያት ነው። ሜፌድሮን የካቲኖን ሰው ሠራሽ ዘመድ ነው፣ የጫት የእንጀራ ልጅ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ በኢንተርኔት "የተክል ማዳበሪያ" እየተባለ ይቸበቸብ ነበር። በማርች 2010 ስከንቶርፕ ከተማ ሁለት ወጣቶች ሞቱ። ጋዜጦቹ ገና ምርመራው ሳያልቅ ሜፌድሮን ገደላቸው ብለው ጻፉ። አገሩ ተናወጠ። በኤፕሪል 16 ሜፌድሮን ክላስ ቢ ሆኖ ታገደ። በሜይ የቶክሲኮሎጂው ውጤት ሲወጣ ሁለቱም ሜፌድሮን አልወሰዱም ነበር። እገዳው በሌላ ማስረጃ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የላብራቶሪ ሥራ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ጋዜጣ ደግሞ ለነገ ጠዋት ነው የሚጻፈው። ከዚያ ወዲህ መርማሪ ስልክ ደውሎ "እንዲያው ምን ይመስልሻል?" ሲለኝ "ሪፖርቱ ሲወጣ ያዩታል" ነው መልሴ። ቀኑም ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ኤፕሪል 15 ሜፌድሮን ኪሱ የተገኘ ሰውና ኤፕሪል 16 የተገኘው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

"ምን ሊመስለው ይችላል?" ለሚለው ረድፍ ካቲንን የሚያህል አስተማሪ የለም። ሽንት ውስጥ ካቲን ተገኘ እንበል። ሰውየው ጫት ቅሟል? ምናልባት። ግን ለታፈነ አፍንጫ የሚወሰደው ሱዶኤፌድሪን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ጥቂቱ ወደ ካቲን ይለወጣል። ስለዚህ ካቲን ብቻውን አይበቃም። ሌሎቹ የጫት ንጥረ ነገሮች አብረው መኖራቸው፣ መጠናቸውና እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ መታየት አለበት። የስፖርት ሕግ ይሄን አስቀድሞ አስቦበታል። የዓለም ፀረ አበረታች ዕፅ ድርጅት ውድድር ላይ ካቲንን የሚከለክለው በአንድ ሚሊሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም ሲበልጥ ነው። ለሱዶኤፌድሪን ደግሞ 150 አስቀምጧል። ሯጮቻችን ጉንፋን ሲይዛቸው ከፋርማሲ የሚገዙትን ቢያስቡበት ደግ ነው።

ከዚያ መንገድ ላይ ወጣሁ። ከማርች 2 ቀን 2015 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የሹፌር ደም ውስጥ ለዕፅ የቁጥር ገደብ አለ። በአንድ ሊትር ደም ለካናቢሱ ቲኤችሲ 2 ማይክሮግራም፣ ለኮኬይን 10፣ ለሞርፊን 80፣ ለማስታገሻው ዲያዜፓም 550። እነዚህ ቁጥሮች ከአንድ ወገን አልመጡም። ለሕገ ወጦቹ ገደቡ ዝቅ ያለው ሆን ተብሎ ነው። በድንገት ጭስ የደረሰበት ሰው እንዳይያዝ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ፣ "ወስደህ አትንዳ" ለማለት። ለመድኃኒቶቹ የተቀመጠው ግን የአደጋ ስጋትን ያያል። ሐኪም ያዘዘለትን በታዘዘው መሠረት የወሰደ ሹፌር መከላከያም አለው። ስለዚህ አንድ ጠበቃ "2.5 ቲኤችሲ ማለት ሰክሯል ማለት ነው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ቁጥሩ ያንን አይናገርም ነው መልሱ። ገደቡን አልፏል፣ በቃ። ያውም ላብራቶሪው የመለኪያ ጥርጣሬውን ለሹፌሩ ጥቅም ቀንሶ ነው ቁጥሩን የሚሰጠው።

ካቲኖን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጫት ቅሞ የነዳን ሰው መክሰስ ከተፈለገ ወደ ድሮው፣ ወደ 1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 4 መመለስ ነው። ለመንዳት ብቁ እንዳልነበረ ማሳየት ያስፈልጋል። የፖሊሱ ምልከታና የሐኪሙ ምርመራ ከእኔ ቁጥር በላይ ይመዝናሉ። አንድ ደም፣ ሁለት አንቀጽ፣ ሁለት የተለያየ ሪፖርት። ይሄን ካወቅሁ በኋላ የጥያቄ ፎርም ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው የጥርጣሬውን ቀንና የክሱን አንቀጽ ነው። የተጠረጠረው ዕፅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወደ መርዝ ስመጣ ሕጉ እየጣፈጠኝ ሄደ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አርሴኒክ የአይጥ መርዝ ሆኖ በየሱቁ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ነጭ ነው፣ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል፣ ስኳርና ዱቄት ይመስላል። ጄምስ ማርሽ በ1836 ጥቃቅን መጠን እንኳን የሚያሳይ ምርመራ አወጣ። የ1851ዱ የአርሴኒክ ሕግ ሻጩን የገዢውን ስምና የሚገዛበትን ምክንያት እንዲመዘግብ አስገደደው። በትንሽ የሚሸጠው ዱቄትም በጥላሸት ወይም በኢንዲጎ እንዲቀለም አዘዘ። ወጥ ውስጥ ቢገባ እንዲታወቅ! ከሁሉም ሕጎች የምወደው ይሄን ነው። መርዙ በራሱ መልክ እንዲናገር አደረጉት። ግን በ1858 ብራድፎርድ ከተማ ውስጥ አርሴኒክ በስህተት ከረሜላ ውስጥ ገብቶ ሀያ ያህል ሰው ሞተ። የ1868ቱ የፋርማሲ ሕግ ከዚያ በኋላ የመርዞችን ዝርዝር አወጣና ሽያጩን ለተመዘገቡ ባለሙያዎች ሰጠ።

የዛሬው የመርዝ ሕግ ያው ዝርዝር ነው፣ አድጎና ታድሶ። ግለሰብ ያለ ፈቃድ ሊይዛቸው ከማይችላቸው ውስጥ አሉሚኒየም ፎስፋይድ አለ። ይሄን ስም የእኛ አገር ሰው በሌላ ነው የሚያውቀው፦ የነቀዝ መድኃኒት። እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ይለቃል። አገር ቤት እህል የሚያስቀምጥ ቤት ሁሉ በቀላሉ ያገኘዋል። በእኛ የወንጀል ሕግ ደግሞ መርዝና አደንዛዥ ዕፅ አንቀጽ 525 ውስጥ አንድ ላይ ናቸው። እንግሊዞች ሁለቱን በተለያየ ሕግ ውስጥ ከተቷቸው። ደብተሬ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የእኛው ለተማሪ ይቀላል አልኩ።

መርዝ መስጠትን ራሱን የሚቀጣው ግን የ1861ዱ ሕግ ነው። አንቀጽ 23 እና 24 "መርዝ ወይም ሌላ ጎጂ ነገር" ይላሉ። ጎጂ ማለት ምን ማለት ነው? በ1981 ይግባኝ ፍርድ ቤት የቀረበ ጉዳይ አለ። አንዲት ሴት በጎረቤቷ የወተት ጠርሙስ ውስጥ የማስታገሻና የእንቅልፍ እንክብል ጨመረች። ፍርድ ቤቱ የነገሩ ዓይነት ብቻ ሳይሆን መጠኑም ይታያል አለ። ትንሽ ቢሆን የማይጎዳ፣ ሲበዛ ጎጂ ይሆናል። እዚህ ላይ ሕጉ የቶክሲኮሎጂስቱን ቋንቋ ተናገረ። ዳኛው ስንት እንክብል፣ ስንት ሚሊሊትር ወተት፣ ጠጪው ልጅ ነው አዋቂ ብሎ ይጠይቃል። እነዚህን እኔ ልመልሳቸው እችላለሁ።

ደብተሩ አሁንም እየተጻፈበት ነው። በኖቬምበር 2023 ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ፊኛ ውስጥ እየተነፋ የሚሳበው ጋዝ፣ ክላስ ሲ ሆነ። ይሄ ገጽ አስቸጋሪ ነው። ጋዙ በደቂቃዎች ውስጥ ከሳንባ ይወጣል፣ ናሙናው ላብራቶሪ ሲደርስ ምንም የለም። አብዝቶ የሚጠቀም ሰው ላይ ቫይታሚን ቢ12 ሥራ ስለሚያቆም ደም ውስጥ ሆሞሲስቲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጨምራል። ግን ቢ12 ያነሰው ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። ስለዚህ "ላብራቶሪው ምን ያሳያል?" በሚለው ረድፍ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ ቆርቆሮውን ፖሊስ ይያዝ፣ ደሙን ለሐኪሙ ተዉት።