ንፋሱን ስዘጋ ያልጠየቅሁት ጥያቄ

እማማ መጀመሪያ ያሉኝ «በርና መስኮቱን ሁሉንም ነቅለህ አልሙኒየም አስገባልኝ» ነበር። ትልቋ ልጃቸው ከዓረብ አገር ብር ልካላቸዋለች። ቤታቸው ሱሉልታ ነው፤ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ። ሱሉልታን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከእንጦጦ ማዶ ናት። አዲስ አበባ በሹራብ የሚያመሽ ሰው እዚያ ጋቢ ቢደርብም አይበቃውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በርና መስኮት ስሠራ 14 ዓመት ሆኖኛል። ብረት እበይዳለሁ፣ መስታወት እገጥማለሁ፣ የእንጨት በርም እጠግናለሁ። 7 መስኮትና 2 በር ነቅሎ አዲስ ማስገባት ለእንደኔ ዓይነቱ ትልቅ ሥራ ነው። ቤቱን ዞሬ ካየሁ በኋላ ግን «እማማ፣ ይሄ ብር ለሌላ ነገር ይሁንልዎ፤ እጠግነዋለሁ» አልኳቸው።

ብዙ ሰው አልሙኒየም ከገባ ቤት የሚሞቅ ይመስለዋል። አልሙኒየም ግን ሙቀት በማስተላለፍ ከብረት ቢያንስ በ3 እጥፍ ይበልጣል፤ የቤቱን ሙቀት ቶሎ ወደ ውጭ ያስወጣል ማለት ነው። አዲስ የአልሙኒየም መስኮት የገባለት ቤት ሞቅ ካለ፣ ዙሪያውን ጎማ ስላለውና ግጥም ብሎ ስለሚዘጋ ነው። ግጥም ማለቱን ደግሞ አሮጌው መስኮት ላይም ማምጣት ይቻላል፤ ብረቱ ካልበሰበሰ።

የእማማ መስኮቶች ብረታቸው ጤነኛ ነበር። ዝገቱ ታች ጥጋቸው ላይ ብቻ ነው። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በጥፍሬ ስነካው እየተፈረፈረ ወደቀ። መስታወቱን በጣቴ ጫን ሳደርገው ይንቀጫቀጫል። በቴላዮውና (መስኮቱን ዙሪያውን በያዘው ፍሬም) በግድግዳው መካከል ልስኑ ለቅቋል፣ እርሳስ ያስገባል። የሳሎኑ በር ባሕር ዛፍ ነው፤ እንጨቱ ሳይደርቅ ስለተሠራ ጠሟል። ክረምት አብጦ አልዘጋ ሲላቸው በመላጊያ አስልገውታል። በጋ ላይ ደግሞ ይኮማተርና ከሥሩ ብርሃን ይታያል። ለካሁት፦ ከደፉ በላይ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 90። 90 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ግድግዳው ላይ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ ሲያድር አስቡት።

የቀረውን ክፍተት ለማግኘት «እማማ፣ እጣን ይኖርዎታል?» አልኳቸው። ሳሎኑ ውስጥ ቡና እያፈሉ ነበር። ከማንደጃው ላይ ፍም አንስተው ማጨሻ ላይ አደረጉልኝና እጣኑን ጣል አደረጉበት። እኔም ማጨሻውን ይዤ በየመስኮቱ ዙሪያ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ቀጥ ብሎ ሲወጣ የነበረው ጭስ ክፍተት ጋ ሲደርስ ጎንበስ ይላል። ረዳቴ እዚያው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ስንጨርስ 23 ምልክት ቆጠርን። እማማ አብረውን እየዞሩ «ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ነው እንዴ ሲያበርደኝ የኖረው?» ይላሉ።

ያ ፍም እጄ ላይ ነበር። ከየት እንደመጣም አይቻለሁ። ምንም አልጠየቅኩም።

ሥራው 3 ቀን ወሰደ። የደረቀውን ስቱኮ ፍቀን አዲስ አደረግን። የተሰነጠቁትን 2 መስታወቶች ቀየርን። በቴላዮው ዙሪያ ያለውን ክፍተት በልስን ደፍነን ጠርዙን በሲሊኮን ዘጋን። የሚከፈተው የመስኮት ክፍል ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፈውን ስፖንጅ ዞር አደረግን። በሩን አውርደን ማጠፊያውን ቀየርን፤ ከሥሩ ደግሞ ከአሮጌ ካላማዳሪ የቆረጥነውን ጎማ መታንበት። ስጨርስ ሁልጊዜ የማደርገው ነገር አለ፦ ወረቀት አስገብቼ መስኮቱን እዘጋበታለሁ፣ ከዚያ እስበዋለሁ። ወረቀቱ ዝም ብሎ ከወጣ አልገጠመም ማለት ነው። 7ቱም መስኮቶች ወረቀቱን ያዙት። ጣሪያው ኮርኒስ ስላለው እሱን አልነካሁትም። (ቆርቆሮው ባዶውን ከሆነ ግን ከመስኮት በፊት ኮርኒስ ነው የሚቀድመው፤ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው።)

በ3ኛው ቀን ማታ እማማ ሳሎን ቁጭ ብለው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ተመስገን» አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በ9ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትንሿ ልጃቸው ደወለችልኝ። ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው። ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ጋሼ፣ እማዬን ጤና ጣቢያ ይዣት መጥቻለሁ። ከሥራ ስገባ መነሳት አቅቷት አገኘኋት። አስመልሷታል። ቤቱ ምን ሆነ? ምን ነገር ነው የቀባችሁት?»

የቀባነው ነገር ይሆናል ብዬ እኔም ደነገጥኩ። ሲሊኮኑ ይሆን? ቀለሙ? እየሮጥኩ ሄድኩ። እማማ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ተኝተዋል። ነርሷ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀችው፦ «ማታ ከሰል ቤት ውስጥ ነበር?» ልጅቷ አዎ አለች። ማንደጃው እናቷ አልጋ እግር ሥር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 2000 ዋት ሂተር ገዝተው ነበር። ማታ ማታ ለ4 ሰዓት ያህል ሲበራ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ካርዱ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅባቸው ጥለውት ወደ ከሰል ተመለሱ። የማታውን ቡና ከጠጡ በኋላ የተረፈውን ፍም መኝታ ቤት ያስገቡታል። «እኔ እኮ 20 ዓመት እንዲሁ ነው የማድር፣ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አሞኝ አያውቅም» አሉኝ በኋላ።

እውነታቸውን ነው። 20 ዓመት ያልነካቸው ግን ያ የሚንቀጫቀጭ መስታወትና ያ የጠመመ በር ቤቱን ሲያስተነፍሱላቸው ስለኖሩ ነው። እያንዳንዱን ቀዳዳ እየለቀምኩ የደፈንኩት እኔ ነኝ።

ይህን ነገር ብዙዎቻችን የምናውቀው በግማሹ ነው። ከሰል ሲቀጣጠል የሚያጨሰውን እንፈራለን፤ ቀልቶ ፍም ሲሆን «አሁን ጭሱ አልቋል» ብለን እናስገባዋለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ከቀላው ፍምም ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ጉልበትም ይከዳል። የተኛ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ሳይሰማው እንደተኛ ሊቀር ይችላል። እንዲህ የሆነ ሰው ስታገኙ መጀመሪያ በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ወደ ውጭ አውጡት፣ ከዚያ ወደ ሕክምና ሩጡ። የእማማ ልጅ ያደረገችው ይህንን ነው፤ እናቷን ያተረፈቻቸውም እሷ ናት።

በማግሥቱ ከጤና ጣቢያ ሲወጡ ቤታቸው ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አንተ ምን አደረግህ፣ ብርዱን ነው የዘጋህልኝ» አሉኝ። እሺ ብዬ አልተቀበልኩትም። ማንደጃውን አይቼዋለሁ። ቡናውንም እስከ በረካ ጠጥቻለሁ።

ያን ቀን ወዲያው ወደ ሥራ ገባን። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ በታች፣ መረብ ያለው የአየር መግቢያ አበጀን። ረዳቴ «ጋሼ፣ መልሰን ብርዱን ልናስገባው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ቦታው ላይ ነው። በር ሥር ያለው ክፍተት ንፋሱን እግርና አልጋ ላይ ይለቀዋል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ትንሽ መተንፈሻ ግን ሰው ላይ ሳይነፍስ አየሩን ይቀይራል፤ ክረምት ላይ ግድግዳው እርጥበት ይዞ እንዳይሻግትም ይረዳል። ለከሰል ተብሎ ግን መተንፈሻ አይበጅም። ይህንን ለእማማም ለልጃቸውም ደጋግሜ ነገርኳቸው። መስኮት ገርበብ ቢል፣ በር ቢከፈት፣ ከሰል ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም።

ታዲያ በምን ይሙቁ? በመስታወቱ ውስጠኛ በኩል፣ ጣት የሚያህል ክፍተት ትተን፣ ጥርት ያለ ወፍራም ላስቲክ ወጠርን፤ በመሃል የቀረው አየር ብርዱን ይቀንሳል። ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ። ቀን ፀሐይ ሲገባ ይከፈታል፣ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሂተሩ ወጥቶ ከመኝታ በፊት ለ1 ሰዓት ብቻ ይበራል፤ ያ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቤቱ ስለማያፈስ ሙቀቱ ይቆያል። አልጋ ውስጥ ደግሞ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ይገባል።

ካቻምና ነው ይህ የሆነው። ከዚያ ወዲህ ሜትሬን ከኪሴ ሳላወጣ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ማታ በምንድን ነው የምትሞቁት?» አንዳንዱ ደንበኛ ግራ ይገባዋል፣ መስኮት ሊያሠራ ነዋ የጠራኝ። ለገጣፎ አንድ ወጣት «ይሄ የአንተ ሥራ ነው እንዴ?» አለኝ። የእኔ ሥራ ነው አልኩት። ከሰሉን ከመኝታ ቤት ካላወጣ ስፖንጁን እንደማልለጥፍ ነገርኩት። ተናዶ ሌላ ሰው ጠራ። ያ ቤት እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ የእማማን በር ጎማ ልቀይር ሄጄ ነበር። ገና ስገባ ዓይኔ ወደ ሳሎኑ ጥግ፣ ማንደጃው ወደሚቀመጥበት ሄደ። ሊሾው ላይ የድሮው ጥቁር ክብ ምልክት አለ፣ ማንደጃው ግን የለም። «ምን ትፈልጋለህ እዚያ?» አሉኝ ከበረንዳው። «ና እንጂ የኔ ልጅ፣ ቡናው እዚህ ነው።»