ምሳሌን በቀኑ ቁጥር፦ እስካሁን ያየሁት

ከመስከረም ጀምሮ መጽሐፈ ምሳሌን በቀኑ ቁጥር እያነበብኩ ነው። ቀኑ 12 ከሆነ ምዕራፍ 12። ዘዴውን የምታውቁት ብዙ ናችሁ። ችግሩ ምሳሌ 31 ምዕራፍ ነው፤ የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን። ስለዚህ የልሙኤል እናት ምክር ያለበት የመጨረሻው ምዕራፍ ይተርፋል። እኔ በ30 ደርቤ አነበዋለሁ። ጳጉሜንን ገና አላሰብኩበትም።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፒያሳ ጊዮርጊስ ግቢ ገብቼ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። አጠገቤ ዳዊት የሚደግሙ እናቶች አሉ። ያዕቆብ 1፥5 ጥበብ የጎደለው ይለምን ይላል፤ ጎድሎኛል፣ እለምናለሁ። ጸሎቴ ይኸው ነው። ስልክ ላይ ማንበብ ትቻለሁ፤ ሁለት ቁጥር ሳልጨርስ ቴሌግራም ይጠራኛል።

ምዕራፉን አንዴ እወጣዋለሁ። ከዚያ አንድ ቁጥር ብጣሽ ወረቀት ላይ ገልብጬ ሸሚዝ ኪሴ እከታለሁ። በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስሄድ እያልጎመጎምኩት ነው። ማዳመጫ የሰካ ሁሉ ብቻውን በሚያወራበት ከተማ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ምሳ ሰዓት ወረቀቱን አወጣና ከሥሩ ጥያቄ እጽፋለሁ። መልስ አልጽፍም። ለውጥ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን እንዲሁ ገልጦ ዓይን ያረፈበትን እንደ መልስ መውሰድ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። እኔን አይመቸኝም። ሲቸግረኝ የሚደርስልኝ ችግሩ ሳይመጣ ያነበብኩት ነው።

ኅዳር ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለ። ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተቀጥሯል። «ጋሼ፣ ዋስ ካላቀረብኩ ሰኞ ሥራ አልጀምርም» አለኝ። ከእኔ የሚፈለገው የደመወዝ ደብዳቤና ፊርማ ነው።

ምሳሌ ስለ ዋስ የሚለው ደግሞ ያስፈራል። ምዕራፍ 6 ዋስ የሆነውን ሰው እንቅልፍ ሳይዝህ ሄደህ ለምን፣ ከአዳኝ እጅ እንደሚያመልጥ ሚዳቋ ራስህን አድን ይለዋል። ምዕራፍ 22 ላይማ የምትከፍለው ካጣህ መኝታህን ከሥርህ ይወስዱብሃል ይላል። ይህን ብቻ ብይዝ እምቢ ብዬ እገላገል ነበር፤ ያውም በጥቅስ! ግን ምዕራፍ 3 በእጅህ እያለ ባልንጀራህን ነገ ና አትበለው ይላል።

ሌላውን የጥበብ መጽሐፍ፣ መጽሐፈ ሲራክን ከፈትኩ። ምዕራፍ 29 ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል ይላል። ወረድ ብሎ ዋስትና ብዙ ባለጸጎችን እንዳጠፋም ይናገራል። ከዚያ ሁለቱን ያስታርቃቸዋል፦ እንደ አቅምህ እርዳ፣ ራስህም እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ።

ወረቀቴ ላይ «አቅሜ ስንት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤትና ዕቁቡን ደመርን። ቅጹን ሳየው የገንዘቡ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ጭራሽ የለውም። ሕግ የሚያውቅ ጓደኛዬ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 አሳየኝ፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተገለጸ ውሉ አይጸናም። ልጁን «እሺ፣ እስከዚህ ድረስ ግን» አልኩት። ቀጣሪዎቹ ትንሽ አንገራገሩ። በመጨረሻ ቁጥሩ ተጽፎ ፈረምኩ። ሚዳቋ መሆን አላስፈለገኝም።

ሁሉም እንዲህ አይፈታም። ምዕራፍ 26 ቁጥር 4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፤ ቁጥር 5 መልስለት ይላል። ጎን ለጎን! የትኛው ለየትኛው ሰው እንደሆነ የምለየው እኔው ነኝ። ቢሮ ውስጥ አንድ ነገረኛ አለ፤ ለእሱ እስካሁን ቁጥር 4 ላይ ነኝ። ወረቀቷ ግን ኪሴ ውስጥ አርጅታለች።

ቀጥሎ ሲራክን ከመጀመሪያው ልይዘው ነው። 51 ምዕራፍ ነው፤ በቀኑ ቁጥር አይሄድም። ምዕራፎቹ ረጃጅም ስለሆኑ በቀን ሁለት ማድረጉ ለእኔ ይበዛል። ግማሽ ግማሽ እያላችሁ ያነበባችሁት ካላችሁ የት የት ላይ እንደምትቆርጡት ንገሩኝ።