ቴሌግራም ይሰራል፣ ይሄኛው አፕ ግን እምቢ አለ

ስልክ ላይ የሆነ ነገር እምቢ ባለ ቁጥር እኛ ሰፈር መልሱ አንድ ነው፤ ኔትወርክ የለም። ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰው ይሄ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ይዳከማል፣ ኮንዶሚኒየሙ ግራውንድ ላይ የሚኖር ሰው ስልክ ለማውራት ደረጃው ላይ ይወጣል። ግን ይሄ መልስ ብዙ ሰው ከሚፈልገው ነገር እያስቀረ ነው። ሰዉ ኔትወርክ ነው ብሎ ይተወዋል፣ ችግሩ ግን እጁ ላይ ያለው ስልክ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ሰሞኑን የጋሼን ስልክ ሳይ ይሄ ነገር በጣም ከነከነኝ። ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ግቢያቸው ዶሮ ማርባት ጀምረዋል። ዶሮ አርቢዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት አንድ አፕ አለ፤ የመኖ ዋጋ ስንት ገባ፣ የፈንግል ክትባት መቼ ይሰጣል፣ ጥሩ ጫጩት የት ይገኛል፣ እንዲህ ያለው ሁሉ። ጋሼ እዚያ ውስጥ ሰው ያውቃቸዋል፣ ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ። መስከረም ላይ ግን አፑ "መገናኘት አልተቻለም፣ እንደገና ይሞክሩ" ማለት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ጥገና ቤት ወስደውት ነበር። ልጁ ብዙም ሳያይ "ፎርማት ይደረግ" አላቸው። እንኳን እምቢ አሉ! የልጆቻቸው ፎቶ፣ የዶሮዎቹ ሂሳብ፣ ሁሉም ያለው እዚያው ስልክ ላይ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ስለ ቴሌግራም ነው።

"ጋሼ፣ ቴሌግራም ይሰራልዎታል?"

"አሳምሮ! አሁን እንኳ ልጄ ከድሬዳዋ ድምፅ ልካልኛለች።"

በቃ፣ ኔትወርክ አለ ማለት ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው አፑን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። እኔ ይሄን መጨረሻ ላይ ነው የማደርገው፤ ምክንያቱም ዳታ ይበላል፣ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ደግሞ ጭራሽ ውጪ ይቀራል። ይልቅ የዚያኑ አፕ ድረ ገጽ በክሮም ከፈትኩት። አፑ የደበቀውን ክሮም ፍርጥ አድርጎ ተናገረ፤ ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል፣ በእንግሊዝኛ።

ከላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። 4፡10 ይላል። ጠዋት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ አራት ሰዓት ከአስር። የፈረንጁ ቢሆን 10፡10 ማለት ነበረበት። ቀኑ ደግሞ ፌብሩዋሪ 12፣ 2018 ይላል። ሁለተኛ ወር፣ አስራ ሁለተኛ ቀን። ጥቅምት 12፣ ሚካኤል!

"ጋሼ፣ ይሄን ቀን ማነው ያስተካከለው?"

"እኔ ነኝ እንጂ፤ ለእንቁጣጣሽ አስተካከልኩት፣ ጥቅምት ሲገባም ደገምኩት። ዝም ብሎ ሰባት ዓመት ቀድሞ ሲሄድብኝ ነበር እኮ።"

እኔ ጋሼን አልፈርድባቸውም። ቀናቸው የሚሄደው በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት የሚል ስልክ ለእሳቸው የተሳሳተ ስልክ ነው። በራሳቸው አቆጣጠር መጠቀም መብታቸው ነው። ስልኩ ነው ከፈረንጆቹ አቆጣጠር ሌላ የማያውቀው። ፌብሩዋሪ 28 ላይ ያልቃል፣ ጥቅምት ግን 30 ቀን አለው፤ ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ቁጭ ብለው ሊያስተካክሉት ነበር ማለት ነው።

አፑን የዘጋው ይሄው ነው። አንድ አፕ ከሰርቨሩ፣ መረጃው ከተቀመጠበት ኮምፒውተር ማለት ነው፣ ጋር ሲገናኝ ሰርቨሩ እንደ መታወቂያ ያለ ሰርተፊኬት ያሳየዋል፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሰራ ተጽፏል፣ ስልኩም ያንን ከራሱ ቀን ጋር ያስተያያል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነጻ የሚሰጣቸው፣ በጣም የተለመዱት ሰርተፊኬቶች የሚያገለግሉት ቢበዛ 90 ቀን ነው። በፈረንጆቹ 2025 የወጣ ሰርተፊኬት፣ 2018 ላይ ነኝ ለሚል ስልክ ገና ያልወጣ ነው። ስለዚህ ስልኩ አላምነውም ብሎ ይዘጋል። ለደህንነታችን ብሎ ነው፣ ልክም ነው። ቴሌግራም የሰራው ደግሞ ኤምቲፕሮቶ የሚባል የራሱ ፕሮቶኮል ስላለው ነው፤ የስልኩ ሰዓት ከሰርቨሩ ካልገጠመ ልዩነቱን ራሱ ያርማል። ጋሼም ጥገና ቤቱም የተሸወዱት በዚህ ነው።

ፎርማቱ ራሱ ይፈታው ነበር፣ ቀኑ በራሱ ስለሚስተካከል። ግን ምን እንደነበረ ማንም ሳያውቅ ያልፋል፣ ጋሼም ቤት ገብተው ቀኑን መልሰው 2018 ያደርጉታል።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ቀንና ሰዓቱ በራሱ እንዲሞላ አደረግኩት። ከዚያ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ ነጻ አፕ ጭኜ ስክሪኑ ፊት ለፊት ላይ በትልቁ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

"ሚካኤልን ይላል?"

"ይላል።"

"እንግዲያው ይሁን።"

ልነሳ ስል አፑ ሌላ ነገር አመጣ፤ 403። ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። በፊት ስልኩና ሰርቨሩ ጭራሽ አልተነጋገሩም ነበር። 403 ማለት ሰርቨሩ ሰምቶሃል፣ ግን አላስገባህም እያለህ ነው። ይሄ ሌላ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ።

ስክሪኑ ላይ ከላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት አለች። ቪፒኤን ነው፤ ኢንተርኔታችንን በሌላ ቦታ አድራሻ የሚያወጣ አፕ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው በነበረ ጊዜ ስንቱ ሰው ቪፒኤን ጫነ፣ ገደቡ ሲነሳ ደግሞ ስንቱ ረሳው። የጋሼም ልጅ ያኔ የጫነላቸው እስካሁን በራሱ ይበራል። ነጻ ቪፒኤን ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው በአንድ አድራሻ ይወጣል፣ ከመሃላቸው አንዱ አጭበርባሪ ከሆነ አድራሻው በሙሉ ይታገዳል። ቪፒኤኑን አጠፋሁት፣ አፑ ተከፈተ። ጋሼ የጠየቁት ጥያቄ ስር ከሳምንታት በፊት መልስ ተጽፎላቸው ነበር።

ቪፒኤን የሌለውም ሰው 403 ሊያገኘው ይችላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ፣ አይፒቪ4 የሚባለው፣ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ ለየአህጉሩ የሚታደለው ክምችት በፈረንጆቹ 2011 አልቋል። ስለዚህ በሞባይል ዳታ ስንገባ ብዙ ጊዜ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ እንጋራለን። የማታውቀው ሰው ያጠፋው ጥፋት አንተን ያስዘጋሃል። ኤርፕሌን ሞድ አብርቶ ማጥፋት አንዳንዴ ሌላ አድራሻ ያስገኛል። በዋይፋይ ከሰራና በዳታ ከዘጋ ግን ጉዳዩ ያው የአድራሻው ነው፣ ለአፑ ሰዎች መጻፍ ነው ያለው። ደጋግሞ መሞከር አይረዳም፤ እንዲያውም 429 ካመጣ አበዛኸው፣ ቆይተህ ና ማለቱ ነው።

ለአፑ ሰሪዎች ጻፍኩላቸው። ስልኩ ቀኑ እንደተዛባ ያውቃል እኮ፣ ክሮም አውቆ ተናግሯል፤ "መገናኘት አልተቻለም" በሚል ፈንታ "የስልክዎን ቀን ይመልከቱ" ብትሉ አንድ መስመር ናት፣ እዚህ አገር ደግሞ ቀኑን በራሱ አቆጣጠር የሚያስተካክል ሰው ብዙ ነው አልኳቸው። እስካሁን መልስ የለም። ዝም ካሉ እንደገና እጽፋለሁ።

ጋሼ ለሰው አውርተው ኖሮ ማታ አንዲት ወተት የምትሸጥ ጎረቤት ያንኑ አፕ ይዛ መጣች። የእሷ ቀኑ ልክ ነው፣ ቪፒኤንም የላትም። ስልኩ አንድሮይድ 6 ነው። ከአንድሮይድ 7.1.1 በታች ያሉት የሌትስ ኢንክሪፕትን አዲስ ዋና ሰርተፊኬት፣ ሌሎቹን የሚያረጋግጠውን፣ አያውቁትም፤ ለአሮጌ ስልኮች መሸጋገሪያ የነበረው የድሮው ሰርተፊኬት ደግሞ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30፣ 2024 አብቅቷል፤ ችግሩ እሱ ይመስለኛል። ፋየርፎክስ የሚያምናቸውን ሰርተፊኬቶች ዝርዝር የራሱን ይዞ ስለሚመጣ፣ ቅዳሜ ስልኩ የሚቀበለውን አሮጌ ቨርዥን ጭኜላት በእሱ በኩል እንሞክረዋለን።