ስሙ ላልተለየ የመገጣጠሚያ ሕመም ሜቶትሬክሴት ሲጀመር

መገጣጠሚያ ሲያም «ብርድ ነው» ይባላል። ጅማ ዝናቡ ረጅም ስለሆነ ይህ ምክንያት በቀላሉ ይታመናል። ግን ጠዋት ስትነሱ ጣቶቻችሁ ግትር ብለው የጀበናውን ጆሮ መጨበጥ ካቃታችሁ፣ ግትርነቱ ከግማሽ ሰዓት አልፎ ሰዓት እየቆየ በእንቅስቃሴ የሚላላ ከሆነ፣ የጣት ሥር አንጓዎች አብጠው ሲጫኗቸው የሚያሙ ከሆነና ይህ ሁሉ ከ6 ሳምንት በላይ ከዘለቀ ነገሩ ብርድ አይደለም። መገጣጠሚያው ውስጥ ብግነት፣ ማለትም መቆጣት አለ።

የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን ወዲያው ላይለይ ይችላል። ብዙ ሰው ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ኔጌቲቭ ነው» ሲባል በሽታ የለብኝም ብሎ ይመለሳል፣ «ፖዘቲቭ» ሲባል ደግሞ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሁለቱም ስህተት ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ እያለ ምርመራው ኔጌቲቭ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። በሄፓታይተስ ሲ፣ በቲቢ ወይም በልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ምክንያት ደግሞ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በ2010 የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ከ10 ነጥቦች ውስጥ 6ና ከዚያ በላይ ያመጣውን ሩማቶይድ ይለዋል፤ 4 ወይም 5 ያመጣ ሰው ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሐኪሙ «ገና አልተለየም» ብሎ ብግነቱን የሚያበርደውን ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ቢያዝ አላወቀም ብላችሁ አትሂዱ። ብግነቱ አጥንቱን ከዳር ከዳር ይበላል፤ የተበላው አይመለስም። ስሙ እስኪጠራ መጠበቅ የሚያስከፍለው ይህንን ነው።

ሳይጣራ የማይጀመርባቸው ነገሮች ግን አሉ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለ በመርፌ ፈሳሽ ወስዶ ማየት ይቀድማል፣ ምክንያቱም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የእግር አውራ ጣት ላይ ሌሊት የሚነሳ ኃይለኛ ሕመም ወደ ዩሪክ አሲድ፣ ማለትም ወደ እውነተኛው ሪህ ያመለክታል፤ የእሱ ሕክምና ሌላ ነው። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ኤችአይቪ፣ የደረት ራጅ፣ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ የጉበት ኢንዛይም፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት መታየት አለባቸው። ጅማ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፤ ሜቶትሬክሴት እስኪሠራ ድረስ ብግነትን ቶሎ የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ) አብሮ ከታዘዘ ስትሮንጊሎይድስ ስለሚባለው የአንጀት ትል ጠይቁ። ይህ ትል በባዶ እግር ከሚረገጥ እርጥብ አፈር የሚገባ ነው፤ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ይኖርና ፕሬድኒሶሎን ሲወሰድ ተባዝቶ ወደ ሳንባ ሊዛመት ይችላል። ተራው የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ሐኪሙ አስቀድሞ አይቨርሜክቲን የሚባለውን የትል መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል።

አሁን ወደ ፍሬው። የሜቶትሬክሴት ትልቁ አደጋ ያለው አወሳሰዱ ላይ ነው። ለሌላው መድኃኒት ሁሉ የለመድነው ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፈውን «1×3» ነው፤ 1 ፍሬ በቀን 3 ጊዜ። ሜቶትሬክሴት ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። በስህተት በየቀኑ የወሰደ ሰው አፉ ይቆስላል፣ መቅኔው ደም ማምረት ያቆማል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ ቁጥር ብቻ አታስጽፉ። «ሐሙስ ማታ 4 ፍሬ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ» ተብሎ በቃል ይጻፍ። ቤት ውስጥ መድኃኒቱን የምትሰጠው እናት ወይም እህት የምትናገረው አፋን ኦሮሞ ከሆነ «ቶርባኒቲ አል ቶኮ» ተብሎም ይጨመር። ሐሙስን ያነሳሁት የጅማው የሂርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ ማንም ስለማይረሳው ነው፤ ሌላ ቀንም ይሆናል፣ ዋናው አንዴ ከተመረጠ አለመቀየሩ ነው።

መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ7.5 እስከ 15 ሚሊግራም ይጀምራል። ከዚያ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየታየ ከፍ ይላል፣ እስከ 25 ሊደርስ ይችላል። የተለመደው ፍሬ 2.5 ሚሊግራም ነው፤ 10 ሚሊግራም የሆነም አለ። ከአንድ መድኃኒት ቤት 2.5 ሲያልቅ ሌላ ቤት 10 ይሰጣችሁና በለመዳችሁት 4 ፍሬ ብትውጡ በአንድ ማታ 40 ሚሊግራም ወሰዳችሁ ማለት ነው። መድኃኒቱን በተቀበላችሁ ቁጥር የፍሬውን ጉልበት ከማሸጊያው ላይ አንብቡ። ማሸጊያው ተቀዶ ፍሬው ለብቻው ከተሰጣችሁ አትቀበሉ።

ከእሱ ጋር ፎሊክ አሲድ ይታዘዛል። እንደ ተጨማሪ ቪታሚን አይቶ መተው ያጋጥማል፤ ግን የአፍ ቁስልን፣ ማቅለሽለሽንና የጉበት ኢንዛይም መጨመርን የሚቀንሰው እሱ ነው። አንዱ አሠራር 5 ሚሊግራም በሳምንት አንዴ፣ ሜቶትሬክሴት በተወሰደ ማግስት ወይም ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌላው 1 ሚሊግራም በየቀኑ ነው። ሁለቱ ፍሬዎች ብዙ ጊዜ ቢጫ ስለሚሆኑ ይምታታሉ፤ በተለያየ ዕቃ አስቀምጡ። ማቅለሽለሹ ከበረታ ከእራት በኋላ፣ ከመተኛት በፊት መውሰድ ይረዳል። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል። ቀኑን ከረሳችሁ እስከ 2 ቀን ድረስ መውሰድ ይቻላል፤ ካለፈ ይዘለል፣ በሚቀጥለው ሳምንት በእጥፍ አይወሰድ። በስህተት ተደጋግሞ ከተወሰደ ምልክት ሳትጠብቁ ማሸጊያውን ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ማርከሻው ፎሊኒክ አሲድ የሚባለው ነው፤ ቤት ያለው ፎሊክ አሲድ አይተካውም።

አብረው የማይሄዱት ላይ በጣም አጥብቄ የምናገረው ስለ ኮትሪሞክሳዞል ነው፣ ብዙ ሰው ባክትሪም የሚለው። ለተቅማጥም ለሽንት ኢንፌክሽንም በቀላሉ ይሰጣል፤ ከሜቶትሬክሴት ጋር ግን አንዱ የሌላውን ጉዳት ስለሚያባብስ የደም ሴሎችን ክፉኛ ሊያወርድ ይችላል። ትሪሜቶፕሪምም የወባው ፋንሲዳርም እንደዚያው ናቸው። ለማንኛውም ሕመም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ» ይሁን። ለሕመም ማስታገሻ በየክሊኒኩ የሚወጋ ዲክሎፌናክ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሜቶትሬክሴት ደግሞ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ተቅማጥና ትውከት ይዟችሁ ውኃ ካነሰባችሁ ሐኪም እስክታማክሩ የዚያን ሳምንት ሜቶትሬክሴት ዝለሉ።

አረቄና ጠጅ ጉበት ላይ ይደርባሉ። ጫትም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከጉበት ጉዳት ጋር ተያይዟል፤ ኢንዛይሙ ከፍ ሲል ጥፋቱ የመድኃኒቱ ይሁን የጫቱ መለየት ስለማይቻል ጥሩ የሚሠራ መድኃኒት ያለ ጥፋቱ ሊቋረጥ ይችላል። ቡናውን መተው አያስፈልግም።

ሜቶትሬክሴት ፅንስ ያበላሻል። እርግዝና የምታስብ ሴት ከወራት በፊት ለሐኪሟ ትናገር፤ ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝናም የሚወሰዱ አማራጮች ናቸው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚወስድ ሰው ወባ አይዘኝም ብሎ አጎበሩን እንዳይተው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ቢይዘው የሚሰጠው ክሎሮኪን ከሚወስደው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጋር አንድ ዘር ስለሆነ ለባለሙያው መንገር ግድ ነው።

ትኩሳት ሲመጣ ጅማ ላይ ወባ ብቻ አይታሰብ። የወባ ምርመራውና ሲቢሲው በአንድ ቀን ይሠሩ፤ ነጭ የደም ሴል ወርዶም ሊሆን ይችላል። ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የአፍ ቁስል፣ ያለ ምክንያት የቆዳ መበለዝ ከታየ የሚቀጥለውን ሐሙስ ሳትወስዱ መታየት ነው።

የደም ምርመራው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ፣ ከዚያ በየ2 እስከ 3 ወሩ ይደረጋል። ደሙን መድኃኒቱ በተወሰደ ማግስት አትስጡ፤ የጉበት ኢንዛይም ለአጭር ጊዜ ከፍ ብሎ ሊያደናግር ይችላል። ሐሙስ የሚወስድ ሰው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢሰጥ ጥሩ ነው።

ለውጥ እስኪታይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ማቆም በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው፣ ችግሩንና ወጪውን ከፍሎ ጥቅሙ ሊጀምር ሲል መተው ስለሆነ። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በአንዴ አይቋረጥም፣ በሐኪም ትእዛዝ እየተቀነሰ እንጂ።

በ3 ወር ቀጠሮ ላይ የሚታየው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ የሕመሙ ስምም እንደገና ይፈተሻል። ለዚያ የሚረዳው ቤት የሚያዝ መረጃ ነው። ጠዋት ግትርነቱ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በደብተር ይጻፍ፤ እብጠቱ ደግሞ በታየበት ቀን በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ምክንያቱም ቀጠሮው ቀን ጎድሎ ሊገኝ ይችላል። ከጆሮ ጀርባ፣ ከራስ ቅል ወይም ከእምብርት አካባቢ የሚቀረፍ ቆዳ ካለ፣ ጥፍር ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የተበሳሱ ነጥቦች ካሉ አሳዩ፤ መገጣጠሚያንም የሚያሳምም ሶርያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። በተደጋጋሚ የቀላ የሚያም ዓይን፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የወገብ ሕመም፣ የቆየ ተቅማጥ ቢኖር ተናገሩ። ካልሲያችሁንም አውልቁ። የእግር ጣት መገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ ከእጅ ቀድሞ ይጎዳል፣ ሰልፉ ሲረዝም ግን ሳይታይ ይታለፋል።