ያንተኛውን ማን ቃኘው?

ይሄን ገጠመኝ ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ የምዘላት አንዲት ቦታ አለች። ዛሬ አልዘላትም።

ስቱዲዮአችን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስቱዲዮ ስላችሁ መኝታ ቤት ማለቴ ነው። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ አለ፤ መስኮቱን የሸፈነው ፍራሽ ነው። ቀን ቀን ጎረቤት ሴራሚክ ያስቆርጣል፤ ስለዚህ የምንቀዳው ማታ ነው። መሸት ሲል ደግሞ ጅቦቹ ተራቸውን ይረከባሉ። መሀል ከተማ ያሉ ባለስቱዲዮዎች የኪራይ ችግር እንጂ የጅብ ችግር የለባቸውም።

የዚያን ማታ ሥራ አንድ ትዝታ ነበር። ዘፋኟ፣ ክራር የሚመቱት ጋሼ፣ አለቃዬና እኔ ነን። ከሳምንት በፊት ለክራሩ አንድ ድምፅ ሠርቼ ነበር፤ አለቃዬ ሰምቶት «ይሄ ነው!» ብሎ ጠረጴዛ መትቷል። ድምፁን የሠራሁት አንድ ዘመዴ ከውጭ ባመጣልኝ አሮጌ የሪንግ ሞጁሌተር ፔዳል ነው፤ እግር ሥር የምትቀመጥ፣ የመሣሪያን ድምፅ የምትለውጥ ትንሽ ሣጥን።

ሪንግ ሞጁሌተር ሁለት ድምፅ ይቀበልና አንዱን በሌላው ያባዛል። የሚወጣው የሁለቱ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ የሚርገበገቡበት ቁጥር (በኸርዝ የሚለካው)፣ ድምርና ልዩነት ነው። የገቡት ራሳቸው ይጠፋሉ። ስሙን ያገኘው አራት ዳዮዶች ክብ ሠርተው ከሚገጠሙበት የድሮው ሰርኪዩት ነው፤ መጀመሪያ የስልክ መሐንዲሶች ዕቃ ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሮቦት ድምፅ ነው። እኔ የፈለግሁት ደወል ነበር።

የዘፈኑ ኪ፣ ማለትም የሚያርፍበት ኖታ፣ ኤ ነው። ስለዚህ የፔዳሏን ኦስሌተር፣ ውስጧ ሆኖ ሁለተኛውን ድምፅ ሳያቋርጥ የሚያወጣውን ክፍል፣ 220 ኸርዝ ላይ አቆምኩት፤ እሱም ኤ ነው። ማዞሪያ ጉብታዋ ላይ ቁጥር የለም፤ በጆሮ ነው የሚገኘው። የክራሩን ኤ ትመታለህ፣ ድምፁ ወው ወው ይላል፣ ጉብታዋን ቀስ እያደረግህ ስታዞር ምቱ እየዘገየ ሄዶ ይቆማል። ልዩነቱ ዜሮ ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላማ ደስ ይላል። ኢ ሲመታ 330 ነው፤ ሲደመር 550፣ ሲቀነስ 110። ከላይ ሲ ሻርፕ፣ ከታች ኤ። ሲ ሻርፕ ሲመታ ደግሞ ከላይ ቢ፣ ከታች በጣም ወፍራም ኤ። ሁሉም የቅኝቱ ልጆች ናቸው። ቢና ኤፍ ሻርፕ ላይ ብቻ ትንሽ ጎርበጥ ይላል፤ እሱም ያምርበታል። ከንጹሑ ክራር ጋር ግማሽ በግማሽ ስቀላቅለው ከክራሩ ሥር ደወል የተቀበረ ይመስል ነበር።

ዘፋኟ ስትገባ አፍንጫዋን በሶፍት ይዛለች። ጉንፋን። «አንድ ቶን ዝቅ በሉልኝ፣ ዛሬ አልደርስበትም» አለች። ምን ችግር አለው! ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን በሁለት ክሊክ ወደ ጂ አወረድኩት። ጋሼ ክራራቸውን ዝቅ አድርገው ቃኙ። ጀመርን።

ከፋ። በጣም ከፋ። ቤዙ ጂ ይላል፣ ፓዱ፣ ከሥር የተዘረጋው ረጅሙ ድምፅ፣ ጂ ይላል፣ ክራሩ ላይ ግን አንድ የሚያቅለሸልሽ ነገር አለ። አለቃዬ ሄድፎኑን አወለቀና «ጋሼ፣ ክራሩ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ አንዴ ያዩልን» አለ።

«እሺ ልጄ» ብለው ቃኙ። በድጋሚ ቀዳን። ያው ነው።

«ጋሼ፣ አሁንም።»

በድጋሚ ቃኙ። አለቃዬ ለዘፋኟ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ፣ «ክራር እኮ እንዲህ ነው፤ እንጨት ነው» አላት። ጋሼ ቀና አላሉም። ከክራሩ ቀንበር ላይ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ እንደ ታማሚ ልጅ ያዳምጡት ነበር።

የምዘላት ቦታ ይቺ ናት። የቀዳነውን መልሼ ሳጫውት ስፒከሩን አየሁት። ዉፈሩ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ድምፅ ሳያወጣ ወደፊት ወደኋላ ይላል። በልቤ ደመርኩ። ጂ 196 ነው። ፔዳሏ አሁንም 220 ላይ ናት። ሲቀነስ 24፤ ጆሮ የማይለየው መንቀጥቀጥ። ሲደመር 416። 416 ጂ ሻርፕ ነው። ጋሼ ጂ በመቱ ቁጥር፣ እኔ ከጎናቸው ጂ ሻርፕ እየመታሁባቸው ነበር።

ገባኝ። ዝም አልኩ።

ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለራሴ በደንብ አላስረዳሁም። አለቃዬ ጥፋቱን ለእንጨት ሰጥቶት ጨርሷል። ዘፋኟ ሶፍቷን ይዛ ሰዓቷን ታያለች። ጉብታዋን ለማዞር ተነስቼ ፔዳሏ ጋ መድረስ አለብኝ፤ ፔዳሏ ያለችው ደግሞ ጋሼ እግር ሥር ነው። ሲያርፉ ቀስ ብዬ አስተካክላለሁ ብዬ አሰብኩ። ማንም ሳያይ።

ሦስተኛውን ከቃኙ በኋላ አለቃዬ «እስኪ አሁን» ሲል ጋሼ አልመቱም። ጎንበስ አሉና ገመዱን ከፔዳሏ ነቀሉት። ከፔዳሏ የሚወጣውንም ነቅለው ለእኔ አቀበሉኝ። «እስኪ በቀጥታ አገናኘኝ።» አገናኘሁ። ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ወረዱበት። ጥርት ያለ ትዝታ፤ እንከን የለውም። ውጭ ጅብ ጮኸ፤ የሳቀ ሰው የለም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ የኔን ሦስቴ ቃኘሁ። ያንተኛውን ማን ቃኘው?»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ኢፌክት ነው» አልኩ። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። ከገባኝ በኋላ።

«ይዘምር የለ እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ለነገሩ ስህተቱ የሚመጣው ከዚያው ነው። ድምፅ የሚያስተጋባው ሪቨርብ በየትኛው ኪ እንደተዘፈነ አይጠይቅም። ድምፁን ዘግይቶ የሚደግመው ዲሌይም አይጠይቅም። ፔዳል ሁሉ እንደነሱ ይመስልሃል። ሪንግ ሞጁሌተር ግን ውስጡ አንድ ዘፋኝ ደብቋል፤ ቀኑን ሙሉ አንዲት ኖታ ብቻ የሚዘፍን፣ ሰው ኪ ቢቀይር የማይሰማ። በኋላ ሳነብ፣ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ስቶክሀውዘን በ1970 እ.ኤ.አ. ለሁለት ፒያኖና ለሪንግ ሞጁሌተር በሠራው ሥራ ላይ፣ ፒያኒስቶቹ ራሳቸው በየክፍሉ ኦስሌተሩን እየቀየሩ ነው የሚጫወቱት። እሱ ሳይረሳ የጻፈውን እኔ ኮዬ ፈጬ ሆኜ ረሳሁት።

ጎንበስ ብዬ መልሼ ሰካሁ። ጋሼ ጂን እየደጋገሙ መቱልኝ፣ እኔ ጉብታዋን አዞርኩ። ወው፣ ወው፣ ወው። ዘገየ። እኔ ገና እያዞርኩ «እዚህ ጋ፤ ቆመ» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ትንሽ አልፌው ነበር። ስለ ድምርና ልዩነት ማንም ነግሯቸው አያውቅም፤ የኔን ፔዳል የቃኙት ግን እሳቸው ናቸው።

በአንድ ጊዜ ቀዳን፤ ሰላም ሆነ። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለኔ ጥሩ ትምህርት ይወጣው ነበር። ግን ዘፋኟ የቀዳነውን ሰምታ ፊቷን ቋጠረች። «ያ የታመመው ድምፅ የት ሄደ?»

«የቱ?»

«ቅድም የነበረው። ሆዴን የሚያላውሰኝ። መግቢያው ላይ እሱን እፈልገዋለሁ።»

ጋሼ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ፔዳሏን ወደ 220 መለስኩ። አሁን ዘፈኑ የሚጀምረው በዚያ በተጣላ ክራር ነው፤ ድምጿ ሲገባ ይታረቃል። ከሠራሁት ሁሉ ሰው የሚጠይቀኝ ስለዚያ መግቢያ ነው። ይጠይቀኛል ስል፣ አለቃዬን ነው የሚጠይቁት፤ ቅንብር የሚለው ቦታ ላይ ያለው ስም የሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ «እዚህ ጋ ሆን ብለን አዛባነው» እያለ ያስደምጣል። ሆን ብለን! እኔ ቡና እቀዳለሁ። እንጨት ነው ያለውን ግን እስካሁን ለማንም ሲተርክ አልሰማሁትም።

አሁን ፔዳሏ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌአለሁ፤ ኤ፣ ጂ፣ ዲ። ጋሼ ባለፈው ለሌላ ሥራ መጡ። ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸው ሲመለስ ክራራቸውን ከጨርቁ ሳያወጡ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«በል፣ መጀመሪያ ያንተን ቃኝ» አሉኝ። «እኔ ሻይ ልጠጣ።»