ማቅለጫ ክፍሉ ለወንዶች ብቻ?

በአንድ የባትሪ ፋብሪካ የሙያ ደህንነት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የምርት ኃላፊው ደብዳቤ አርቅቀው እንድፈርምበት ላኩልኝ። እርሳስ ከሚቀልጥበት ክፍል ሴቶች በሙሉ ወጥተው ወደ ማሸጊያ ይዛወሩ ይላል፤ «ተፈጥሯቸው ስለማይፈቅድ»። ኃላፊው ቅን ሰው ናቸው። የአንዲት ሠራተኛ ደም ውስጥ የተገኘው የእርሳስ መጠን አስደንግጧቸው ነው የጻፉት።

ድንጋጤያቸው መሠረት አለው። እርሳስ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል። አጥንት ውስጥ ለዓመታት ተከማችቶ ይቆይና፣ በእርግዝና ጊዜ አጥንት ካልሲየም ሲለቅ አብሮ ወደ ደም ይመለሳል። ይህ የፆታ ጉዳይ ነው። ማኅበረሰብ አላመጣውም፣ በስብሰባ ውሳኔም አይሻርም። አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው የደህንነት ባለሙያ ሰው ይጎዳል።

ግን አልፈረምኩም። በክፍሉ መውለድ ካቆሙ ብዙ ዓመት የሆናቸው እናት ነበሩ። ወሬው ደርሷቸው ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ የማስበው ለልጅ ልጆቼ ነው። የአደጋ አበሌን የሚወስድብኝ የትኛው ተፈጥሮ ነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ ደብዳቤውም አልነበረውም። ማሸጊያ ክፍል አበል የለም።

ከዚያ የሁሉንም ሠራተኛ የደም ምርመራ ፋይል አወጣሁ። በዚያው ፈረቃ ኃላፊውን ካስደነገጠችው ሠራተኛ በላይ ውጤት ያላቸው ወንዶች ነበሩ፣ ማንም አልደነገጠላቸውም። እርሳስ የወንድ የዘር ህዋስን ቁጥርና ጥራት እንደሚቀንስ ከታወቀ ቆይቷል። የልጅ ነገር ሲነሳ ዓይን ሁሉ ወደ ሴቷ መዞሩ፣ ወንዱ ደግሞ ሰውነቱ ምንም እንደማይነካው መቆጠሩ ከላቦራቶሪ የመጣ አይደለም። ሥርዓተ ፆታ የምንለው ይህንን ነው፦ ሰዎች ስለ ወንድና ሴት ድርሻ ያበጁት ደንብ፣ የተፈጥሮን ስም ተውሶ ሲመጣ።

ለኃላፊው የጆንሰን ኮንትሮልስን ጉዳይ ነገርኳቸው። ይህ አሜሪካዊ የባትሪ አምራች በ1982 መካን መሆናቸውን በሐኪም ማስረጃ ካላረጋገጡ በስተቀር ሴቶችን እርሳስ ካለበት ሥራ አገደ። ሥራዋን ላለማጣት መውለድ የማያስችላትን ሕክምና ያደረገች ሠራተኛ ነበረች። ልጅ ለመውለድ ስላሰበ በደሙ ያለውን እርሳስ ለመቀነስ ፈቃድ የጠየቀ ወንድ ደግሞ ተከለከለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 እገዳውን ሕገወጥ አለው። እሳቸውን የነካቸው የዚያ ወንድ ነገር ነበር፤ ደጋግመው ጠየቁኝ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ቱታው ነው። ወንዶቹ ብናኝ የጠጣ ቱታቸውን ቤት ይዘው ይሄዳሉ። ማን ያጥበዋል? አብዛኞቹን ስጠይቅ ሚስት፣ እናት ወይም እህት ነበር መልሱ። ብናኙ እጇ ላይ ነው፣ ልጆቹ የሚድሁበት ወለል ላይ ነው። ሴቶቹን ከክፍሉ ብናስወጣ ኖሮ፣ በምርመራ መዝገባችን ላይ ስማቸው የሌለ ሴቶች እርሳሱን ቤታቸው መቀበላቸውን ይቀጥሉ ነበር። ልብስ ማጠብ የሴት አካል ሥራ ሆኖ አያውቅም፤ መርዙ ግን በልማዱ መንገድ አካሏ ውስጥ ይገባል። አካልንና ልማድን ለይተን ማየት ያለብን፣ እንዲህ ተጠላልፈው ስለሚመጡ ጭምር ነው።

ደብዳቤው ቀረ። ቱታ እዚያው ፋብሪካ መታጠብ ጀመረ፣ ከፈረቃ መውጫ ላይ ሻወር ግዴታ ሆነ። የመተንፈሻ ጭንብሉንም በእያንዳንዱ ሠራተኛ ፊት ላይ ለካን። አንድ መጠን ብቻ ስለነበር ፊታቸው ትንሽ ለሆነ ሴቶች ይሰፋል፤ ጢማቸውን ላሳደጉ ወንዶችም አይገጥምም።

ልጅ ለመውለድ ያሰበ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ አበሉ ሳይነካ ለጊዜው እንዲዛወርም ተስማማን። ክርክሩ የቆይታው ጊዜ ላይ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊዋ «እኩልነት ካላችሁ ጊዜውም እኩል ይሁን» አሉ። እዚህ ላይ እኔም ወደ አካል ተመለስኩ። የወንድ የዘር ህዋስ ተሠርቶ ለመብሰል ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የደሙ መጠን ከወረደ በኋላ ይህንኑ ያህል ይጠብቃል። ሴቷ ግን ከእርግዝናው በፊት ጀምሮ ጡት እስክታስጥል ድረስ ከእርሳስ መራቅ አለባት፣ በወተትም ያልፋልና። ሁለት የተለያየ ጊዜ ጽፈን ሦስታችንም ፈረምን።