ከቦዬ ማዶ፦ በትንሽ የቅንጦት መርከብ ላይ ሥራ ፍለጋ

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የመጀመሪያዬን የመርከብ ሥራ ማመልከቻ ስሞላ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» አለኝና የአባቴን ስም ጻፍኩ። በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ የአያቴን ጻፍኩ። ሦስተኛውን ስጀምር ግን ተጠራጥሬ ፓስፖርቴን ገለጥኩና ከፎቶግራፉ ግርጌ በፊደላትና በቀስት መሰል ምልክቶች የተሞሉትን ሁለት መስመሮች አጤንኩ፤ ኩባንያውም፣ ኤምባሲውም፣ አየር መንገዱም እኔን የሚያውቁኝ ማሽን በሚያነባቸው በእነዚያ መስመሮች ቅደም ተከተል ብቻ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ በሁለት ኩባንያዎች መዝገብ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሴቶች ሆኜ ቆይቻለሁ። የልደት ቀኔም በትምህርት ማስረጃዬ ላይ በእኛ አቆጣጠር፣ በፓስፖርቴ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሰፈረ፣ አንደኛው ኩባንያ «ሰባት ዓመት ከየት መጣ?» የሚል ይዘት ያለው ደብዳቤ ልኮልኛል።

በጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ብዙም በማይርቅ አንድ ሆቴል ውስጥ ስድስት ዓመት በአስተናጋጅነት፣ ኋላም በሱፐርቫይዘርነት ሠርቻለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። በልጅነቴ የማውቀው ትልቁ ውኃ ጉማሬ ለማየት እየተሯሯጥን የምንሄድበት ቦዬ ነበር፤ ካደግኩ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ከአውቶቡስ መስኮት የሚታየው የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ነው። ስለ መርከብ ሥራ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት አብዛኛው የደላላ ማስታወቂያ ስለነበር፣ ዓመቱን ሙሉ እየተሳሳትኩ የተማርኩትን ለሆቴል ባልደረቦቼ እዚህ ላስቀምጥ ወደድኩ።

አስቀድሞ መለየት ያለበት የመርከቡ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ተብሎ ሲሰላ 5,610 መንገደኞችን የሚይዝ፣ በውኃ ላይ የቆመ ከተማ ነው። የሲድሪም ኩባንያ ሁለት መርከቦች ግን እያንዳንዳቸው ከ112 እንግዳ በላይ አይዙም፤ እነዚህን የሚያገለግሉት ሠራተኞች ደግሞ 95 ገደማ ናቸው። በስኮትላንድ ደሴቶች መካከል የምትመላለሰው ሄብሪዲያን ፕሪንሰስ ከ50 እንግዳ በላይ አትይዝም፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራችውና እስከ ዛሬ በሸራ የምትጓዘው ሲ ክላውድ 64 ትይዛለች። በእንዲህ ዓይነት መርከብ ላይ አንድ ሠራተኛ ካልለቀቀ ወይም ዕረፍት ካልወጣ ክፍት ቦታ አይኖርም፤ ስለዚህ የሚወጣው ማስታወቂያ ጥቂት ነው፣ የሚጠየቀው ልምድም ከፍ ያለ ነው። በሌላ በኩል፣ እንግዳው በሁለተኛው ቀን ቁርስ ላይ ስሙ እንዲጠራና እንቁላሉን እንዴት እንደሚወድ እንዳይጠየቅ የሚጠብቅ ሰው በመሆኑ፣ በአነስተኛ ሆቴል ውስጥ ደንበኛን በስሙ እያወቀ የሠራ ሰው ስለ ሥራው ብዙ የሚናገረው አለው። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት የላክኋቸው ማመልከቻዎች በሙሉ ወደ ትልልቆቹ መርከቦች ነበሩ።

መርከብ ላይ ልሠራ ነው ስል በሰፈሬ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ባሕር ዳር ልትማሪ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የምሕንድስና ምሩቃንን ለንግድ መርከቦች የሞተርና የኤሌክትሪክ ክፍል መኮንንነት ያዘጋጃል። የእንግዶች መርከብ ግን ከሞተር ክፍሉና ከመርከቡ አዛዦች ሌላ ሙሉ ሆቴል በውስጡ ስለያዘ፣ እኛን የሚመለከተው የሆቴሉ በር ነው፤ አስተናጋጅ፣ የቡና ቤት ሠራተኛ፣ ምግብ አብሳይ፣ የክፍል አጽጂ፣ የልብስ ንጽሕና ሠራተኛ፣ እንግዳ ተቀባይ ሁሉ በዚያ በኩል ይገባሉ። እዚህ ላይ የቃል ወጥመድ አለ። በእኛ ሆቴሎች ስቲዋርድ ስንል ኪችን ውስጥ ዕቃ የሚያጥበውን ሠራተኛ ማለታችን ነው፤ በመርከብ ላይ ግን ቃሉ እንደየኩባንያው የእንግዳ ክፍል የሚያዘጋጀውን ወይም በምግብ ቤት የሚያስተናግደውን ሊያመለክት ይችላል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ፣ ድስት በማጠብ ሦስት ዓመት ያሳለፈ፣ በዚሁ ምክንያት ለቅንጦት ክፍል አገልግሎት አመልክቶ በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ አልጋ አነጣጠፍ ሲጠየቅ ዝም ብሎ ቀርቷል። የሥራውን ስም ሳይሆን ከስሙ በታች ያለውን የሥራ ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል። ማዕረጉም ቢሆን በየብስ ላይ ከያዝነው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መጠየቁ አያሳፍርም፤ እኔ በሱፐርቫይዘርነት ያመለከትኩባቸው መልስ አልሰጡኝም፣ በረዳት አስተናጋጅነት ያመለከትኩባቸው ግን ከአምስቱ ሁለቱ ጽፈውልኛል።

ሲቪዬን ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው «እንግዶችን በመልካም ሁኔታ ማስተናገድ» ይል ነበር፤ ይህን ዓረፍተ ነገር በጅማ ያለ ማንኛውም አስተናጋጅ ሊጽፈው ይችላል። በመጨረሻው ላይ በአንድ ሺፍት ስንት ጠረጴዛ እንደምይዝ፣ ስንት አዲስ አስተናጋጅ እንዳሠለጠንኩ፣ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለምርምር መጥተው ሁለትና ሦስት ሳምንት እኛ ዘንድ ለሚያርፉ የውጭ አገር እንግዶች ማን ምን እንደማይበላ የምጽፍበት ደብተር እንደምይዝ በቁጥር ጭምር አሰፈርኩ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ማስረጃዬን ደረጃ ብቻ ጽፎ ማለፍ ለውጭ ሰው ምንም ስለማይነግር፣ ፈተናው በተግባር ምን እንደሚያካትት በሁለት መስመር አስረዳሁ። ቡናን በተመለከተ መናገር ያለብኝ ነገር አለ፦ የጅማ ሰው መሆኔ ብቻ በቂ መስሎኝ ነበር። እነሱ የሚጠይቁት ግን የኤስፕሬሶ ማሽን ስለ ማጽዳትና ወተትን በእንፋሎት ስለ ማሞቅ ነው፤ ጀበናው አልጠቀመኝም።

ወደ ደላላው ጉዳይ ልምጣ። በኅዳር ወር፣ ማመልከቻ መላኩ ሲታክተኝ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው «የመርከብ ቪዛ እናስጨርሳለን» ብሎኝ ለምዝገባ የአንድ ወር ተኩል ደመወዜን ከፈልኩ። ገንዘቤ አልተመለሰም፤ ሰውየውም ስልኩን አያነሣም። ከመክፈሌ በፊት ባነበው ኖሮ ያዳነኝ የነበረው ሰነድ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውና በ2013 በሥራ ላይ የዋለው የባሕረኞች የሥራ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ባሕረኛን ለመቀጠር ወይም ለማስቀጠር ገንዘብ ማስከፈልን ይከለክላል፤ ሠራተኛው ከኪሱ ሊያወጣ የሚችለው ለሕክምና ምስክር ወረቀት፣ ለባሕረኛ ደብተርና ለፓስፖርት ወይም ለመሰል የጉዞ ሰነድ ብቻ ሲሆን፣ የቪዛ ወጪ የመርከቡ ባለቤት ነው። በተጨማሪም ለአሜሪካ የሚሰጠው የመርከብ ሠራተኞች ቪዛ ሲጠየቅ የቀጣሪው ኩባንያ ደብዳቤ መቅረብ አለበት፤ ስለዚህ ሥራ ሳይኖር ቪዛውን ቀድሜ አወጣለሁ የሚል ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። በአገር ውስጥም በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ መሠረት ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ሊኖረው ይገባልና ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። እኔ ነውር መስሎኝ ነበር፤ ሰውየው ጋሼ የሚባል ዕድሜ ላይ ስለነበር ወረቀት ጠይቄ ላሳፍረው አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ የተከተልኩት መንገድ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። የኩባንያውን ስም በራሴ እጽፋለሁ፣ በራሱ ድረ ገጽ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ክፍሉን እከፍታለሁ፣ በየአገሩ የሚመለምሉለት ወኪሎች ተዘርዝረው እንደሆነ አያለሁ። እኔ ባየኋቸው ላይ ከኢትዮጵያ የሚመለምል ወኪል ስላላገኘሁ በቀጥታ አመለከትኩ። ወቅቱንም ማወቅ ይጠቅማል። ከእነዚህ መርከቦች ብዙዎቹ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በሜዲትራኒያን ቆይተው፣ በጥቅምትና በኅዳር አትላንቲክን ተሻግረው ክረምቱን፣ ማለትም የእነሱን ክረምት፣ በካሪቢያን ያሳልፋሉ፤ ወደ አንታርክቲካ የሚሄዱት ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ሠራተኛ የሚፈለገው ወቅቱ ከመለወጡ ከወራት በፊት በመሆኑ፣ ለሜዲትራኒያን ማመልከቻ የሚላከው እኛ ገናንና ጥምቀትን በምናከብርበት ሰሞን ነው።

ቃለ መጠይቁ የተደረገው በየካቲት፣ መርካቶ አካባቢ ባለ የጓደኛዬ ቢሮ ውስጥ፣ በቪዲዮ ነው። ከዚያ በፊት ማርሊንስ የተባለውን የባሕረኞች የእንግሊዝኛ ፈተና ወስጄ ነበር። ንግግሩ በተጀመረ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። ስልኬን በዳታ አዘጋጅቼ በመጠበቄ መስመሩ አልተቋረጠም፣ ፊቴ ግን ስለጨለመ ወንበሬን ይዤ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁና «ይቅርታ፣ አሁን እታያለሁ?» አልኩ። ጠያቂዋ ሣቀች። ቀጥላም፣ ከወደብ ከወጣን ሁለት ቀን ሆኖን የላም ወተት የማይስማማው እንግዳ የሚጠጣው የአጃ ወተት ቢያልቅ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። እኔም ባለፈው ክረምት የዕቃ መኪናችን በመንገድ ብልሽት ዘግይቶ፣ ወተት ለማይወስዱ አንድ ተመራማሪ እናቶቻችን በጾም እንደሚያደርጉት ሱፍ ቆልተን፣ ወቅጠንና አጥልለን በውኃው ገንፎ እንዳበሰልንላቸው፣ ከሁሉ በፊት ግን ወደ ጠረጴዛው ሳይመጡ ማታውኑ ሄጄ እንደነገርኳቸው ተረኩላት። ጠያቂዋ ስለ ሱፉ ምንም አልጠየቀችም። የጠየቀችኝ «ማታውኑ ለምን?» ብላ ነው፤ መልሴንም ረጅም ጊዜ ወስዳ ጻፈችው።

የውል ረቂቁ ሲመጣ መጀመሪያ የፈለግኩት ደመወዙን ሳይሆን የዕረፍት ሰዓቱን ነው። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የባሕረኞች የሥራ ስምምነት መሠረት ዝቅተኛው ዕረፍት በ24 ሰዓት ውስጥ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ 77 ሰዓት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ቀን መሥራት ግን የተለመደ ነው። በብዙ የቅንጦት መርከቦች ጉርሻ በጉዞው ዋጋ ውስጥ ስለሚካተት፣ በጅማ እንደለመድነው ከትሪው ላይ የሚነሣ ብር እያሰቡ ቋሚውን ደመወዝ መቀበል ያሳስታል። ካቢኑን ከሌላ ሠራተኛ ጋር እጋራለሁ። ውሌ ስድስት ወር ነው፤ ሲያልቅ ወደ አገር የሚመልሰኝን ትኬት ኩባንያው ይገዛል።

ከዚህ በኋላ የቀረው የሕክምና ምርመራውና ሥልጠናው ነው። የሕክምናው ምስክር ወረቀት ቢበዛ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን አንዴ ከተያዘ ለዕድሜ ልክ ነው። ሥልጠናውን ኩባንያው ያዘጋጃል፤ እሳት ማጥፋትን፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታን፣ በመርከብ ላይ የግል ደኅንነትን፣ በውኃ ላይ ሕይወትን ማትረፍን ያካትታል። የመጨረሻው ሥልጠና የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ ከከፍታ ወደ ውኃ መዝለልንና የተገለበጠ፣ በአየር የሚነፋ የነፍስ አድን ጀልባ ማቅናትን ይጠይቃል። እኔ ዋና አልችልም ነበር። ስለዚህ በከተማችን ካሉ ሆቴሎች የአንዱን ገንዳ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ እንግዳ ሳይነሣ፣ እንድጠቀምበት ተፈቅዶልኛል። ከገንዳው ጠርዝ ዐይኔን ሳልጨፍን ለመዝለል ሦስት ሰኞ ፈጅቶብኛል፤ አራተኛው ነገ ነው።